ሳለች ወይስ ቀዳች

አንዲት ተማሪዬ በእንግሊዝኛ ፈተና ላይ፣ እናቷ በየማለዳው ከጉድጓድ ውሃ «ትሬስ» እንደምታደርግ ጻፈች። እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ የሰው ስህተት ስለቅም ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ያለው ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ልጅቷን ጠርቼ ከየት እንዳመጣችው ብጠይቃት ኮስተር ብላ፣ «ቲቸር፣ እርስዎ ነዎት እኮ ያሉን። ትሬስ ማለት መቅዳት ነው ብለውናል» አለችኝ።

ብያለሁ፤ አልክድም። በአማርኛችን ሥዕል ላይ ስስ ወረቀት ደርቦ መስመሩን እየተከተሉ ማውጣት መቅዳት ነው። ውሃም ይቀዳል፣ ካሴትም ይቀዳል። እንግሊዝኛው ደግሞ ውሃ ከጉድጓድ ሲያወጣ «ድሮው» ይላል፤ ሥዕል ሲስልም ያው «ድሮው» ነው። እነሱ ውሃውን ከሠዓሊው ጋር አስቀመጡት፣ እኛ ከገልባጩ ጋር። ይህን ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ቆሜ ከማስረዳ ቀይ ሰረዝ አሰመርኩና ዜሮ ሰጠኋት። ከዚያ ቤቴ እስክደርስ ብቻዬን ስስቅ ሄድኩ። የሳቅኩት በልጅቷ አይደለም፤ አክስቴ ትዝ ብላኝ ነው።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት፤ ዘመድ ሁሉ እታለም ይላታል። ሠላሳ አምስት ዓመት የሠራችው በውሃ መሥሪያ ቤት ነው። የሥራ መደቧ «ፕላን ቀጂ» ይባላል። በውሃ መሥሪያ ቤት የምትሠራ ቀጂ! የሰፈር ጎረምሳ ይህን ሰምቶ ዝም እንዲል መቼም አይጠበቅም። ከሥራ ስትመለስ፣ «እታለም፣ ዛሬ ስንት ጀሪካን ቀዳሽ?» ይሏታል። እሷም እርምጃዋን ሳትገታ፣ «ላንተ የሚሆን ጭላጭ ቀርቷል፣ ና ፊትህን ታጠብበት» ብላ ታልፋለች። ምላሷ ከብዕሯ ጫፍ ይቀጥናል።

ሥራው ግን ቀልድ አልነበረም። መሐንዲሱ በእርሳስ የሠራውን ፕላን ዘንበል ባለው ጠረጴዛ ላይ ትወጥረዋለች፤ በላዩ ብርሃን የሚያሳልፈውን ወረቀት ትደርብበታለች፤ እጇን ታጥባ፣ ላቧ ወረቀቱን እንዳይነካ ክንዷ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ታጠልቃለች። ከዚያ በቀጭን የቀለም ብዕር መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ትከተለዋለች። ረጅም መስመር ስታወርድ ትንፋሿን ትይዛለች። ከብዙ ዓመት ልማድ የተነሳ ቤት ውስጥ እንኳ መርፌ ስታሾልክ ትንፋሿ ይቆም ነበር፤ እናቴ «ተንፍሺ እንጂ፣ ልትሞችብን ነው እንዴ!» ትላታለች። የሳተ መስመር በምላጭ ተፍቆ ይጠፋል። የእታለም ምላጭ ግን ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው ብርቱካን ለመላጥ ነበር።

ልጅ ሳለሁ አንድ ጊዜ ከጓደኛዬ የቤት ሥራ ስኮርጅ ደርሳብኝ ጆሮዬን ይዛ ከወንበሬ አነሳችኝ። «አንቺስ ኑሮሽ መገልበጥ አይደል?» አልኳት፤ ያኔም አፌ አያርፍም። ጆሮዬን ለቀቀችና ቁጭ አለች። ቃል በቃል የማስታውሰው ንግግሯ ይህ ነው፦

«ስሚ። የሳለ ሰው ያልነበረ ነገር ያመጣል። የቀዳ ሰው የመጣውን ነገር ሳይደፋ ያደርሳል። ያንቺ ሁለቱም አይደለም፤ ያንቺ ሌብነት ነው።»

«የሳለው ሰው ተሳስቶ ቢሆንስ?»

«ስህተቱንም አሳምሬ እቀዳዋለሁ። ቀጂ ከራሷ አንዲት ነጥብ አትጨምርም።»

የሚስሉት መሐንዲሱ ነበሩ። እታለም ጋሼ ትላቸዋለች፤ ስለዚህ ለእኛም ጋሼ ናቸው። በዚያ ዘመን በፕላን ክፍሉ ውስጥ የነበሩት እሳቸውና እሷ ብቻ ናቸው። ጋሼ ሲጋራ ከአፋቸው አይለይም ነበርና ሲስሉ ይስላሉ፤ አንደኛው የእርሳሳቸው ነው፣ ሌላው የደረታቸው። እታለም እንደምትለው ደረታቸው ሲነሳ እርሳሳቸውን ብድግ አድርገው፣ ስለው ሲጨርሱ እዚያው ነጥብ ላይ ያሳርፉታል፤ መስመሩ አንድም ቀን ተዛንፎ አያውቅም። ስለ እሳቸው ስታወራ ድምፅዋ ይለሰልሳል። ሰው እንዲህ አምሮበት ሲሠራ ማየት ትወዳለች፣ እኔም እሷን የምወዳት ለዚሁ ነው።

ዜሮውን በሰጠሁ በሳምንቱ ከውሃ መሥሪያ ቤቱ ተደወለልኝ። ሥራ አስኪያጁ እታለም ጡረታ ልትወጣ ስትል የተቀጠረ ወጣት ነው። መሥሪያ ቤቱ አዲስ ሕንፃ ሊገባ ነው፤ የድሮ ፕላኖች ሁሉ ከሰነድ ክፍል እየወጡ ወደ ኮምፒውተር እየገቡ ነው፤ ከእነሱ መካከል የመጀመሪያው የከተማው የውሃ መስመር ፕላን ተመርጧል። ሕንፃው በሚመረቅበት ቀን በመስታወት ተከትቶ መግቢያው አዳራሽ ይሰቀላል፤ ከሥሩም የሠሩት ሰዎች ስም በነሐስ ሰሌዳ ይጻፋል። ችግሩ የፕላኑ ጥግ ላይ ያሉት ሦስት ትንንሽ ሳጥኖች በእንግሊዝኛ መሆናቸው ነው፤ ቅጹ ያኔ ታትሞ የሚመጣው እንደዚያ ነበርና። «አክስትዎም ስላሉበት እርስዎ ቢተረጉሙልን ብለን ነው» አለኝ።

ፎቶውን ላከልኝ። የመጀመሪያው ሳጥን «ድሮውን» ይላል፤ የጋሼ ፊርማ አለበት። ሁለተኛው «ትሬስድ» ይላል፤ የእታለም ስም ሁለት መነሻ ፊደሎች ከጤፍ ፍሬ በማይበልጥ ጽሕፈት ተቀምጠዋል። ሦስተኛው «ቼክድ» ነው፤ ሌላ የሚያይ ሰው ስላልነበረ እሱም ላይ የፈረሙት ጋሼ ናቸው። ሥራው የአምስት ደቂቃ ነበር። የሳሉት፣ የቀዱት፣ ያዩት፤ አለቀ።

እኔ ግን ሁለተኛው ላይ ስደርስ ደሜ ፈላ። ሠላሳ አምስት ዓመት ትንፋሿን ይዛ የሠራች ሴት፣ በነሐስ ላይ ለዘለዓለም «የቀዱት» ተብላ ልትሰቀል? የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ባልዲ ተሸክማ ሊያያት? ጎረምሶቹ በቃሉ ያሾፉባት አልበቃ ብሎ? ቃሉን አጠፋሁት። ሁለቱን ሳጥኖች አንድ ላይ ጨፍልቄ «የሳሉት» ብዬ ጻፍኩና የእሷን ስም አስቀደምኩ። ማን ያመሳክራል ብዬ ነው። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቷ ነው።

ሰሌዳው ተሠርቶ ሲያልቅ ፎቶውን በስልኬ ይዤ ምርቃት ልቀበል ወደ እታለም ሄድኩ። መነጽሯን አድርጋ አየችው። ከዚያ ስልኩን በፊቱ ደፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እኔ ምን ሳልኩ?»

«ያው አንቺና ጋሼ አብራችሁ...»

«እኔ ምን ሳልኩ ነው የምልሽ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማን ላከሽ?» መነጽሯን አወለቀች። «ጋሼ ለሕንፃው ምርቃት ይመጣሉ?»

«ይመጣሉ። ዓይናቸው ግን አያይም ብሎኛል ሥራ አስኪያጁ፤ ሞራ ጋርዶታል።»

«የእርሳሱ ወረቀትስ? የእሳቸው የእርሳስ ፕላን ከሰነድ ክፍል ወጥቷል?»

ጥያቄው ግራ አጋባኝ፤ አላውቅም አልኳት። በምርቃቱ ቀን እንደማትገኝ ነገረችኝ። እኔም ትሕትና መስሎኝ ተናደድኩ፤ ራስሽን ማሳነስ ትወጃለሽ፣ የሰው መረገጫ መሆን ልማድሽ ነው፣ ሌላም ሌላም አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ራሴን ቢያመኝም ወደ ኋላ አይመለስ። ተነስታ በሩን ከፈተችልኝ። ሦስት ቀን ስልኬን አላነሳችም።

በአራተኛው ቀን ሄጄ በሯን አንኳኳሁ። ከፈተችልኝ፤ ሻይ አቀረበችልኝ፤ ዓይኔን ግን አታይም። ጠረጴዛው ላይ የድሮው የብዕር ሳጥኗ ተከፍቶ ነበር። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ያ ፕላን ላይ አንድ ነጥብ የእኔ ነው» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሥራ ከጀመረች ገና ዓመት አልሞላትም። የቤተሰባችን ቤት ከዳገቱ ሥር ባለው ሰፈር ነበር፤ አያቴ፣ የእሷና የእናቴ እናት፣ በየቀኑ ዳገቱን ወጥታ በወዲያኛው በኩል ካለው ምንጭ ውሃ ተሸክማ ትመለሳለች። ጋሼ በእርሳስ የሳሉት ፕላን ላይ ለዚያ አካባቢ አንድ ቦኖ ተሰጥቷል። ቦኖው ያለው ዳገቱ አናት ላይ፣ ከአንድ ትልቅ ሹም አጥር ጎን ነው። እዚያ አናት ላይ ያለው ግቢ ሁሉ የራሱ ጉድጓድ አለው።

«መስመሩን እየተከተልኩ ስወጣ ስወጣ አናቱ ላይ ደረስኩ» አለች እታለም። «ትንሿን ክብ መሥራት ብቻ ነው የቀረኝ። ትንፋሼን ያዝኩ። እጄ እንቢ አለኝ። የእናቴን ጀርባ አውቀዋለሁ፤ ማታ ማታ በቅባት የማሸው እኔ ነበርኩ። ብዕሩን አነሳሁና መስመሩን ወደ ታች ቀጥዬ፣ ክቧን ከዳገቱ ሥር አስቀመጥኳት። በወረቀት ሁለት ጣት ናት። በመሬት ሁለት መቶ ሜትር። ከዚያ ተነፈስኩ። ምላጩን ሁለት ጊዜ አንስቼ ሁለት ጊዜ አስቀመጥኩት። ጋሼ አይተው ፈረሙ፤ ሠራተኛ መጣ፤ ተቆፈረ፤ እዚያው ተተከለ።»

ያን ቦኖ አውቀዋለሁ። እኔም በልጅነቴ ተሰልፌበታለሁ። ዛሬ ለየቤቱ ቧንቧ ገብቷል፤ ቧንቧው በደረቀ ቀን ግን የሰፈሩ ሴት ሁሉ ባልዲዋን ይዛ የምትሮጠው ወደዚያው ነው። ያቺ ተማሪዬና ዜሮዋ ትዝ አሉኝ። ይህቺ ሴት በብዕር ውሃ ቀድታለች። ልስቅ ነበር፣ ዓይኔ እንባ ሞላ።

«እታለም፣ ይሄ እኮ የሚያኮራ ነው!»

«አንቺ ትኮሪያለሽ» አለች። «እኔ ያን ቀን የሰው ሥራ ደፍቻለሁ። ጋሼ ከዚያ በኋላ ሥራዬን ከእሳቸው ጋር ማስተያየት ተዉ፤ ‹ያንቺን ምን እመረምረዋለሁ› ብለው ሳያዩ ይፈርሙልኝ ጀመር። በፈረሙ ቁጥር እንደ እሾህ ይወጋኛል። የእርሳሱን ወረቀት ስንት ጊዜ ሰነድ ክፍል ገብቼ ፈለግኩት፤ የለም። አንድ ቀን ይወጣና ጎን ለጎን ይታያል እያልኩ አርባ ሦስት ዓመት። አሁን ሰነዱ ሁሉ ሲወጣ አንቺ ደግሞ በነሐስ ‹ሳለች› ብለሽ ጻፍሽ። እውነት ሳትፈልጊ እውነቱን ጻፍሽው።»

ውሃ ሆኜ ቀረሁ። ሄጄ አስቀይረዋለሁ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

«ልቅርም ብዬ ነበር። ግን ማንም ያን ሰሌዳ ሳያነብላቸው ከእኔ አፍ ይስሙት። አብረን እንሄዳለን።»

የምርቃቱ ቀን አዳራሹ አዲስ ቀለም ይሸታል፤ ወንበሮቹ ፕላስቲካቸው ገና አልተገፈፈም። ሥራ አስኪያጁ ወዲያ ወዲህ ይላል። ጋሼ ገና ሰው ሳይሞላ መጥተው ፕላኑ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ተቀምጠዋል፤ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመዋል። ከስተዋል፤ ሳላቸውም አብሯቸው አርጅቷል። የእታለምን እርምጃ ሲሰሙ ቀና አሉ።

«ይቺ ልጅ መጣች» አሉ። ይቺ ልጅ ስልሳ አራት ዓመቷ ነው። «ሰሌዳ አለ አሉኝ። ማነው የሚያነብልኝ?»

እኔ ከኋላ ቆሜ ላቤ ይንቆረቆራል። እታለም ወንበር ስባ ከጎናቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ከመነበቡ በፊት የምነግርዎ አለኝ። የዚህን ፕላን ቦኖ፣ የዳገቱን፣ እርስዎ ካስቀመጡበት አንስቼዋለሁ። ስቀዳ ነው። ተሳስቼ አይደለም፣ ሆን ብዬ ነው። ሁለት ጣት ወደ ታች አወረድኩት። ይቅር ይበሉኝ።»

ጋሼ ሳል ያዛቸው። ረጅም ሳል ነበር፤ እታለም ውሃ ፍለጋ ዞር ዞር አለች። ሲለቃቸው አፋቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«ሁለት ጣት ተኩል ነው» አሉ።

እታለም አልተነፈሰችም።

«ሹሙ ቢሮ ድረስ መጥቶ ጣቱን ወረቀቱ ላይ ቀስሮ ‹እዚህ› አለኝ» አሉ ጋሼ። «ጣቱ ያረፈበት ላይ ሳልኩ። ልጆች ነበሩኝ፤ ፈሪም ነበርኩ። የሳልኩት እኔ ነኝ ብዬ የማፍርበት ቢኖር ያ ነው። ከዚያ ያንቺ ወረቀት መጣ፤ በእኔ ላይ ደረብኩት። ሁሉ ነገር ልክ ልክ ገጠመ፣ ከአንዲት ክብ በስተቀር። እስከ ምሳ ሰዓት አየኋት። ከዚያ ‹ቼክድ› በሚለው ላይ ፈረምኩ።»

«የእርሳሱስ ወረቀት?»

«ያኑ ቀን ጠቅልዬ ቤቴ ወሰድኩት። ልጆቼ ጀርባው ላይ ሲሞነጫጭሩበት አደጉ። አንቺ ሰነድ ክፍል ገብተሽ ስታገላብጪ አይሽ ነበር፤ ምን ብዬ ልንገርሽ? እፍረት ያዘኝ።»

«ሹሙ ቢጠይቅዎትስ ኖሮ?»

ጋሼ ፈገግ አሉ። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው አላየሁም፣ የቀጂ ስህተት ነው ልለው ነበር። ይኸው ዓይኔም እንዳልኩት ሆነ።»

«በእኔ ሊያሳብቡ?»

«ፈሪ ነበርኩ አልኩሽ እኮ።»

እታለም ሳቀች። አርባ ሦስት ዓመት የያዘችው ትንፋሽ በአንድ ጊዜ የወጣ ይመስል፣ ትከሻዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ እየሳቀችም እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ እያለቀስኩ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ምን እንደሆንን ሳይገባው ሦስታችንን በየተራ ያያል።

«አንድ ነገር ግን ቅር ይለኛል» አሉ ጋሼ። «ከዚያ በኋላ አንዳንዴ አለቆች ያበላሹብኝን ፕላን እንዳለ እሰጥሽ ነበር። ምናልባት እንደዚያች ቀን ታቃኚልኝ ይሆናል ብዬ። ያንቺን አልመረምርም ስልሽ እኮ መንገድ መልቀቄ ነበር። አንቺ ግን ስህተቱን ሁሉ አሳምረሽ ትቀጂው ነበር።»

እታለም እጃቸውን ያዘች፣ ምርቃቱ እስኪያልቅም አልለቀቀችው።

ሰሌዳው በሳምንቱ ተቀየረ። የእኔን ትርጉም ፍቀው እንደ ሳጥኖቹ አድርገው ጻፉት፤ እታለም ከ«የቀዱት» ሌላ ቃል አልቀበልም ብላለች። ለተማሪዬም ግማሽ ነጥብ ጨመርኩላት፤ ሙሉውን ያልሰጠኋት ሰዋስው ስላስቸገረኝ ነው።

አሁን እታለም በዚያ በኩል ባለፈች ቁጥር ወደ አዳራሹ ጎራ ትላለች። ጥበቃው ያውቃታል፣ ተነስቶ ያስገባታል። «የሳሉት» የሚለውን ታልፋለች፤ የራሷን መስመርም ታልፋለች። ጎንበስ ብላ በመሐረቧ የምትወለውለው ሦስተኛውን ብቻ ነው። «ያዩት» ይላል። ቃሉ ጎዶሎ መሆኑን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነን፤ ሙሉው «አይተው እንዳላዩ የሆኑት» ነበር።